ደሴ ያለው ቤት፣ እንግሊዝ ያለው ግብር

የሂሳብ ሠራተኛ መሆኔን የሚያውቁ ዘመዶቼና የሥራ ባልደረቦቼ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል፦ «የውርስ ግብር ሳይበላን ንብረታችንን ለልጆቻችን እንዴት እናስተላልፍ?» ጠያቂዎቹ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሠርተው ጨርሰዋል ወይም ሁለተኛ ፎቅ ጀምረዋል። አንዳንዱ ገና ትምህርት ላይ ባለ ልጁ ስም ቤቱን ለማዛወር አስቧል። ሌላው ደግሞ ስጦታውን ሽያጭ አስመስሎ ውል ሊያጽፍ ነው።

ለእነሱ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የውርስ ግብር የለም። አባት ሞቶ ልጅ ቤቱን ሲረከብ መንግሥት ከቤቱ ዋጋ ላይ መቶኛ ቆርጦ አይወስድም። ወራሹ በኋላ ሕንፃውን ቢሸጠው የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በሽያጩ ጥቅም ላይ የጣለው 15 በመቶ ሊመጣ ይችላል፤ ስም ለማዛወርም የሚከፈል አገልግሎት አለ። የሚሸሹት ግብር ግን የለም። በሕይወት እያለ ቤቱን በልጁ ስም ያዞረ ሰው፣ ላልተጣለበት ግብር ሲል በገዛ ቤቱ ላይ ያለውን መብት ለቆ ይወጣል። ልጁ ቢጣላው፣ አግብቶ ቢፈታ ወይም ቀድሞት ቢሞት ቤቱ የማን እንደሚሆን ቀድሞ ያሰበበት ብዙ አላየሁም።

ወሎ ውስጥ ውርስን የሚጨርሰው ሌላ ነገር ነው። ዝምታ ነው። ይህን የምለው በሥራዬም በዘመድነቴም ብዙ የተዘጋ ቤት ስላየሁ ነው፤ ወራሾቹ በችሎት ቀጠሮ ስለሚመላለሱ ማንም የማያድሰው፣ ኪራዩ በአደራ የታገደ፣ ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረ ቤት። ወንድማማቾቹ በአረፋም በፋሲካም አይጠያየቁም። ከመካከላቸው አንዱም ክፉ ሰው አይደለም። አባታቸው ምን እንደፈለጉ በጽሑፍ ስላልተዉ እያንዳንዱ እውነት የሚመስለውን ይዟል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እንግሊዝ አገር ሐኪም ነው። ደሴ ላይ ከደመወዙ እየቆጠበ ያሠራው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አለ፤ ታችኛው ለሱቅ የተከራየ ነው። «የኢትዮጵያው ንብረት የኢትዮጵያ ነው፣ እዚያ የውርስ ግብር ከሌለ ምን ያሳስበኛል?» ይለኝ ነበር። ብዙዎቹ ውጭ ያሉ ልጆቻችን እንዲሁ ያስባሉ፤ የሚጎዱትም እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ የሚያየው ሰውየው የት እንደኖረ ነው። ካለፉት 20 የግብር ዓመታት ውስጥ 10ሩን እዚያ ነዋሪ ሆኖ ያሳለፈ ሰው፣ ሲሞት በዓለም ዙሪያ ያለው ንብረቱ ሁሉ ለውርስ ግብር ይቆጠራል። ደሴ ያለው ፎቅ፣ ባንክ ያለው ብር፣ የገዛው አክሲዮን፣ ሁሉም። ጠቅልሎ አገሩ ቢገባ እንኳ ወዲያው አይለቀውም፤ እዚያ እንደቆየበት ዘመን ርዝመት ከ3 እስከ 10 ዓመት ይከተለዋል። ግብሩ 40 በመቶ ነው። ነፃ የሚሆነው 325,000 ፓውንድ ነው፤ ይህ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አልተነሣም፣ የቤት ዋጋ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲወጣ ኖሯል። የኖረበትን ቤት ለልጆቹ የሚተው ሰው ተጨማሪ 175,000 ፓውንድ ነፃ ያገኛል። ለባለቤት፣ ማለትም ለባል ወይም ለሚስት፣ የሚተላለፍ ነገር በመደበኛው አይቀረጥም፤ የሟቹ ያልተሠራበት ነፃ መጠንም ለባለቤቱ ይሻገራል።

ለወንድሜ በስልክ ያሰላሁለትን ልጻፈው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው። ባለቤቱ የሌለችው አንድ ሐኪም እንግሊዝ ያለው ቤቱ 450,000፣ ቁጠባው 100,000፣ ደሴ ያለው ሕንፃ ደግሞ በፓውንድ ሲተመን 200,000 ነው እንበል። ድምሩ 750,000 ነው። ሁለቱ ነፃ መጠኖች 500,000 ይሆናሉ። የቀረው 250,000 በ40 በመቶ ሲቀረጥ 100,000 ፓውንድ ነው። የደሴው ሕንፃ ባይኖር ኖሮ ግብሩ 20,000 ብቻ በሆነ ነበር። እናም የደሴው ቤት ብቻውን 80,000 ፓውንድ አስከተለ ማለት ነው።

ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የመክፈያው ጊዜ ነው። ግብሩ በመደበኛው ሰውየው ከሞተበት ወር በኋላ ባለው ስድስተኛ ወር መጨረሻ ድረስ መከፈል አለበት፤ ከዚያ በኋላ ወለድ ይቆጥራል። ደሴ ላይ በስድስት ወር የወራሽነት ማስረጃ አውጥቶ፣ ስም አዛውሮ፣ ገዢ አግኝቶ፣ ብሩን በሕጋዊ መንገድ ፓውንድ አድርጎ ውጭ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የደሴው ቤት ግብር የሚከፈለው እንግሊዝ ካለው ገንዘብ ነው። ልጆቹ አይተውት ለማያውቁት ፎቅ ሲሉ ያደጉበትን ቤት እስከመሸጥ ሊደርሱ ይችላሉ። በሁለቱ አገሮች መካከልም የውርስ ግብርን የሚመለከት ስምምነት የለም፤ እዚህ ምንም ስላልተከፈለ እዚያ የሚቀናነስ ነገርም አይኖርም።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። የወንድሜ የሥራ ጓደኛ ባለቤቱና ልጆቹ ደሴ ናቸው፤ እሱ ብቻውን እየሠራ ይልካል። ለባለቤት የሚተላለፈው አይቀረጥም ብዬ የጻፍኩት ለእሱ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ሟቹ የረጅም ጊዜ ነዋሪ (ከላይ እንዳልኩት ከ20 ዓመት 10ሩን እዚያ የኖረ) ሆኖ ሚስቱ ካልሆነች፣ ለሚስት የሚሰጠው ልዩ ነፃነት በ325,000 ፓውንድ ይወሰናል። ሚስት እንደ ረጅም ጊዜ ነዋሪ ልቆጠር ብላ የመምረጥ መብት አላት፤ ከመረጠች ግን የራሷም የዓለም ንብረት በዚያ ሕግ ሥር ይገባል። ሰውየው ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሃያ ዓመት ለቤተሰቡ የደከመ ሰው ይህን ከኔ ከመስማቱ በፊት ከባለሙያ መስማት ነበረበት።

ደግነቱ ሕጉ በሩን አልዘጋውም። አንደኛው በር ለወሎ ሰው የተሠራ ይመስለኛል። ከመደበኛ ገቢ ተርፎ በልማድ የሚሰጥ ስጦታ፣ የሰጪውን ኑሮ እስካላጎደለ ድረስ፣ ወዲያው ከውርስ ግብር ውጭ ነው፤ ሰባት ዓመት መጠበቅ የለበትም፣ በገንዘብ መጠንም አይወሰንም። ወንድሜ ለእናታችን በየወሩ የሚልከው፣ ለእህታችን ልጅ የትምህርት ቤት የሚከፍለው ሁሉ እዚህ ሊገባ ይችላል። ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ለኑሮ ወጣ፣ ከተረፈው ምን ያህል ተላከ የሚለውን በየዓመቱ መዝግቦ መያዝ አለበት። የእኛ ሰው ደግሞ ለዘመድ የላከውን መጻፍ ያፍራል፤ «ለእናቴ የላኩትን ልቆጥር?» ይላል። ወንድሜም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። የሚቆጥረው ለሌላ ሳይሆን ለልጆቹ ሲል መሆኑን ነገርኩት። አሁን በአንድ ደብተር ይጽፋል።

ከዚህ ሌላ በዓመት እስከ 3,000 ፓውንድ የሚሰጥ ስጦታ ነፃ ነው፤ ልጅ ሲዳር ወላጅ እስከ 5,000 መስጠት ይችላል። ከዚህ የበለጠ ስጦታ ሰጪው ከሰጠ በኋላ 7 ዓመት ከኖረ ከግብር ይወጣል። ወንድሜ «የደሴውን ቤት ለእህቴ ልስጣትና ሰባት ዓመቱ ይጀምር» የሚል ሐሳብ ነበረው። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ ተከራከርኩት። ቤቱን ሰጠሁ ብሎ ኪራዩን ራሱ የሚሰበስብ፣ ላይኛውን ፎቅ ለራሱ ቆልፎ የሚይዝ ሰው በእንግሊዝ ሕግ ምንም እንዳልሰጠ ይቆጠራል፤ ሰባት ዓመቱ አይቆጥርለትም። ከሰጠ ከልቡ መስጠት አለበት። አላደረገውም፤ እኔም አልፈለግኩትም።

የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። የሕይወት መድን ገዝቶ ትረስት በሚሉት የአደራ ሰነድ ውስጥ አስገባው፤ ሲሞት ገንዘቡ በውርሱ ውስጥ ሳይደመር በቀጥታ ለልጆቹ ይደርሳል፣ የደሴውን ቤት ግብር የሚከፍሉበት ጥሬ ገንዘብ ይኖራቸዋል። በሥራ ላይ ሳለ ቢሞት የሚከፈለውን ገንዘብ ማን እንደሚቀበል ለጡረታ ዕቅዱ በጽሑፍ አሳወቀ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ ያልተነካ የግል ጡረታ ቁጠባም ለውርስ ግብር እንደሚቆጠር ስለተወሰነ፣ ከሌላ ድርጅት ያለውን አነስተኛ የጡረታ ቁጠባ እንዴት እንደሚያደርገው ከአማካሪው ጋር እየተነጋገረ ነው። ለመስጊድ ማሠሪያ የሚተወውን በተመለከተ ደግሞ ነፃ የሚሆነው እዚያው በተመዘገበ በጎ አድራጎት በኩል ሲሄድ ነው፤ በቀጥታ ሐይቅ ወይም ከሚሴ ለሚገኝ መስጊድ የተናዘዘው ይቀረጣል። ነውሩ በዛ ሲለኝ እኔም አዘንኩ፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ግብር የለም ማለት የሚሠራ ነገር የለም ማለት አይደለምና።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በወሎ ከሁሉም የሚበዛው የቃሉ ነው። ሰው ሲታመም ሽማግሌ ይጠራል፣ ንስሐ አባቱን ወይም ሸኹን ያስቀርባል፣ «ቤቱ ለትንሹ፣ ላሟ ለእህቱ» ብሎ ይናገራል። ሁላችንም ይህን ቃል እንደ ትልቅ አደራ ነው የምንሰማው። ሕጉ ግን የቃል ኑዛዜን ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳጊነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው የፈቀደው። ተናዛዡ ከተናዘዘ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይፈርሳል። በቃል የተሰጠ ቤት ፍርድ ቤት ሲደርስ ይወድቃል፤ የሰሙት ሽማግሌዎች ሲመሰክሩ እያለቀሱም ቢሆን ይወድቃል። ይህን የሚያህል ሐዘን አላየሁም።

በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ይጻፍና በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጻፈው ደግሞ ምስክር አይፈልግም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እሱ የጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሰባት ዓመት በሁለቱም አገሮች ሕግ አለ፤ እዚያ ስጦታውን ነፃ ያወጣል፣ እዚህ ኑዛዜውን ያፈርሳል።

የተማሩ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት አንድ ነገር አለ። በፍቅር ተቀምጠው በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ኑዛዜ ይጽፋሉ፤ «እኛ እገሌና እገሊት» ብለው። ሕጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ የሚያደርጉትን ኑዛዜ አይቀበልም። እያንዳንዱ የራሱን ይጻፍ።

መጻፍ ደግሞ ከሁሉ በላይ ለባለቤት ሲባል ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ ወራሾቹ ልጆች ናቸው፣ እኩል በእኩል፣ ወንድ ሴት ሳይባል። ልጅ ከሌለ ወላጆች፤ እነሱ ከሌሉ ወንድምና እህት። ባልና ሚስት እርስ በርስ አይወራረሱም። ሚስት የጋራ ሀብቱን ግማሽ የምታገኘው የራሷ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት አብረው የሠሩትን ቤት አስቡት። ባል በድንገት ቢሞት የእሱ ግማሽ ወደ ወላጆቹ ወይም ወደ ወንድሞቹ ይሄዳል፤ ሚስት ከባሏ ዘመዶች ጋር ቤቷን ልትካፈል ወይም ልትሸጥ ትገደዳለች። ይህን ለመከላከል አንድ ገጽ ኑዛዜ ይበቃ ነበር።

ጡረታ በዚህ ውስጥ አይደለም፤ ለተተኪዎች የሚከፈል እንጂ የውርስ አካል አይደለም። ተጠቃሚው በስም የተጻፈበት የሕይወት መድንም እንዲሁ። ተጠቃሚው ካልተጻፈ ግን ገንዘቡ ወደ ውርሱ ይገባል።

እኛ ወሎዬዎች አንድ የተለየ ጉዳይ አለብን፤ በአንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት አለ። ሃጂ አጎቴ ከልጆቻቸው አንዷ ክርስቲያን አግብታ ተጠምቃለች። በሸሪዓ መሠረት ሙስሊም ካልሆነ ሰው ጋር አይወራረሱም፤ ለወንድ ልጅ የሚደርሰውም የሴቷን እጥፍ ነው፣ ሚስት ልጆች ካሉ ስምንተኛውን ትወስዳለች። ጉዳዩ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚሄደው ባለጉዳዮቹ ሁሉ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ፈቃዳቸውን ይጠይቃል። አንዱ እምቢ ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት በእኩል ያካፍላል። ልጆቹ በዚህ ሊከፋፈሉ እንደሚችሉ አጎቴ ያውቁ ነበር።

«አንቱ ምን አሰቡ?» አልኳቸው አንድ ቀን ከወዳጃ፣ ከዱዓው ስብሰባ፣ በኋላ።

«ልጄ ልጄ ናት። ሲሶው በእጄ ነው» አሉኝ።

ሸሪዓ ሰው ከንብረቱ እስከ ሲሶ ድረስ ወራሽ ላልሆነ ሰው እንዲናዘዝ ይፈቅዳል። የተጠመቀችው ልጃቸው ወራሽ ስላልሆነች ኑዛዜው ለእሷ ይሆናል። አጎቴ ከሲሶው ውስጥ ወንድሞቿን የማያስቆጣ ድርሻ ለይተው በአራት ምስክር ፊት አስጻፉ፤ በሁለቱም ሕግ እንዲቆምላቸው። ልጆቹን ሰብስበው ራሳቸው አነበቡላቸው። የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው የሚያስተምረውን ሐዲስም አስታወሱ። ከሞት በፊት መጻፍ ሟርት ነው ለሚሉ ዘመዶቼ ከዚያ ወዲህ አጎቴን እጠቅሳለሁ።

ስለ ወረቀትም ልጨምር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን የማን ልጅ መሆናችን በምስክር ቃል ነው የሚታወቀው፣ ምስክሮቹም ያረጃሉ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ካርታና የጋብቻ ወረቀት ለመያዝ ጊዜ አላገኘም። የቤት ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የባንክና የአክሲዮን ሰነድ ኮፒ በሁለት የተለያዩ ከተሞች ይቀመጥ፤ ወንድሜ ዘንድ አንድ፣ እኔ ዘንድ አንድ አለ። ልጆቹም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያቸውን እያወጡ ነው፤ የውጭ ፓስፖርት ይዘው በአባታቸው ቤት ጉዳይ ቢሮ ሲቆሙ ያስፈልጋቸዋል።

ወንድሜ ሁለት ኑዛዜ እያዘጋጀ ነው፤ አንዱ ለእንግሊዙ ንብረት፣ አንዱ ለደሴው። እዚያ የሚያዘጋጁለት ጠበቃ «ይህ ኑዛዜ ከዚህ በፊት ያደረግሁትን ሁሉ ይሽራል» የሚለውን የተለመደ ዓረፍተ ነገር አስገብተውበት ነበር። እንዲህ ቢቀር የደሴውን ኑዛዜ ያፈርስበት ነበር፤ የእንግሊዙን ንብረት ብቻ እንዲመለከት ተስተካክሏል። የደሴውን ክረምት ሲመጣ ውልና ማስረጃ ሄደን እናስመዘግባለን። አስፈጻሚ ማን ይሁን የሚለው ገና አላለቀም፤ እሱ እኔን ይላል፣ እኔ ደግሞ ከልጆቹ አንዱ አብሮኝ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ምስክሮቹን ግን ከቅሬያችን፣ ከዕድራችን፣ መርጠናል፤ አንዳቸውም ወራሽ አይደሉም።